የሊማሊሞ ፊሽካ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ባሕር ማዶ፣ ስካይላይን በሚባል ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊማሊሞን የማውቀው ግን እዚያው ገደሉ አፋፍ ላይ እንዳደገ ሰው ነው። የነገሩኝ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። አንደኛው አብረውን የሚኖሩት የእናቴ አባት፣ አባባ፣ የደባርቅ ሰው። ሁለተኛው አራተኛ ፎቅ ያሉት ጋሽ ታረቀ፣ ከተራራው ግርጌ፣ የዛሪማ ሰው። ዓይንና ናጫ ነበሩ። ኤሌቬተር ውስጥ ድንገት ከተገናኙ አባባ ያገኙትን ቁጥር ተጭነው ይወርዱና የቀረውን በእግራቸው ይወጡታል። ጋሽ ታረቀም «ንቆኛል ይሄ ሰውዬ» እያሉ ይብሰለሰላሉ። እናቴን ምክንያቱን ስጠይቃት «የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ነው፣ ሆምወርክህን ሥራ» ትለኛለች። ጉዳዩም አልገባኝ፣ ሆምወርኩንም አልሠራሁ፤ ይኸው ዛሬ የተበላሸ መኪና የሚጎትት ቶው ትራክ እነዳለሁ።

ያኔ አባባ ሲመሻሽ ወንበራቸውን ወደ ማሞቂያው ስበው ያወሩልኛል። ጣልያን መንገዱን ሲያስቆርጥ፣ አልፕስ በሚባለው የአገሩ ተራራ ላይ መንገድ ሲያጠማዝዝ የኖረ መሐንዲስ አመጣ፤ ሰውየው ሊማሊሞን ቁልቁል ሲያይ ምሳው አልወርድ አለው ይላሉ። ሰዎች በገመድ ታስረው ገደሉ ላይ ተንጠልጥለው ለድማሚት ቀዳዳ ይበሱ ነበር። የአባባ አባት የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦ፣ ነበሩ፤ አንገታቸው ላይ ፊሽካ አለች። ፊሽካዋ ሦስቴ ካልተነፋች ድማሚት አይለኮስም፤ ስትነፋ ከታች ያለው ሁሉ ይሸሻል። አባባ እዚህ ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ ሪሞቱን ያነሳሉ። እኔ ቀጣዩን ስጠብቅ እሳቸው ዜና ይከፍታሉ።

የጋሽ ታረቀ ሚስት እትዬ ዘውዴ ደግሞ እናቴ ከሥራ እስክትገባ ቤቢሲት ያደርጉኝ ስለነበር፣ የታችኛውን መንገድ ታሪክ የሰማሁት እዚያ ነው። የጋሽ ታረቀ አባት ድንጋይ ተሸካሚ ነበሩ። አንድ ጠዋት ፊሽካ ሳይነፋ ድማሚቱ ፈነዳ። የተገኘው ጋቢያቸው ብቻ ነበር። ሁለቱን ታሪክ ይዤ በኤሌቬተር ወጣ ወረድ የምለው እኔ ነበርኩ፤ ግን ላገጣጥማቸው አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።

አንድ ክረምት በረዶው ወረደና መብራት ጠፋ፤ ቤታችን ፍሪጅ ሆነ። ጋሽ ታረቀ ጋ የሕንፃው ማኔጅመንት የከለከለው የኬሮሲን ማሞቂያ አለ። እናቴ አባባን በግድ ጎትታ ይዛን ወረደች። ሽማግሌዎቹ በአንድ እሳት ግራና ቀኝ ተቀምጠው አንዱ መስኮት፣ አንዱ ግድግዳ ያያሉ። ክፍሉ ኬሮሲን ኬሮሲን ይላል። እትዬ ዘውዴ አኳኋናቸው ጨነቃቸውና «እስቲ ያባትህን አውራልን» አሏቸው። ጋሽ ታረቀ ጀመሩ። «ፊሽካ ሳይነፋ» የሚለው ጋ ሲደርሱ እኔ በኩራት ብድግ አልኩ፤

«ፊሽካውንማ የሚነፉት የአባባ አባት ናቸው!»

ጋሽ ታረቀ ወደ አባባ ዞሩ። ያን ሁሉ ዓመት በጥላቻ መሃል እንኳ «እርስዎ» እንጂ ሌላ ብለዋቸው አያውቁም።

«አንተ! ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አሉ አባባ።

«ለዚህ ነው ፊትህን ስታዞርብኝ የኖርከው? ውጣልኝ!»

«ኧረ ጋሼ፣ በዚህ ብርድ!» አለች እናቴ።

«በዚሁ ብርድ!»

ደረጃው ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነበር። ሻማውን ይዤ ከፊት ከፊት እወጣለሁ፣ አባባ በየመታጠፊያው ይቆማሉ። ሰባተኛው ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«ያን ጠዋት ፊሽካዋ እኔ ዘንድ ነበረች» አሉኝ። «አንተን አክል ነበር። ልጫወትባት ሰርቄ። አባቴ እሷን ሲፈልግ ሌላ ሰው ሳይጠብቅ ድማሚቱን ለኮሰው።»

«ልንገራቸው?»

«አንተ ለዛሬ በቂ ተናግረሃል።»

መብራት ከመጣ በኋላ አባባ ኤሌቬተር ውስጥ አራትን ሲጫኑ ብዙ ጊዜ አየሁ። በሩ ይከፈታል። ኮሪደሩን ያያሉ። በሩ ይዘጋል። እንደዚያ እንዳሉ ሞቱ፤ ጋሽ ታረቀም ለቅሶ አልደረሱም።

አሁን ውድብሪጅ በምትባል ከተማ ነው የምኖረው። ትራኬን ከማንቀሳቀሴ በፊት ሦስቴ ክላክስ አደርጋለሁ። ጎረቤቶቼ በመስኮት ይሰድቡኛል፣ ማስጠንቀቂያ ይለጥፉብኛል፣ ሚስቴም «አንዴ አይበቃም ወይ፣ አሳፈርከን እኮ» ትለኛለች። አንዴ ለማድረግ ሞክሬ አውቃለሁ። እግሬ ነዳጁን አልረግጥም አለኝ፤ ከታች ማን እንዳለ በምን አውቃለሁ?