የሚስተር ቪን ሌላው ስም

ወዳጆቼ፣ ጎረቤቴ ሚስተር ቪን ዛሬ ጠዋት አረፈ። እኔ ግን አልገባኝም። የመኪናዬ የፊት ወንበር አሁንም እሱ ወደ ኋላ ጋደም እንዳደረገው ነው። ሐሙስ ከሆስፒታል ላወጣው ተቀጣጥረን ነበር እኮ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ክላርክስተን ከእኔ በላይ ያለው አፓርታማ የሚኖረው፣ ያ ቀጭኑ ቬትናማዊ። ኤርፖርት ፓርኪንግ አንድ ሺፍት ስለነበርን ለዓመታት በእኔ መኪና ተመላልሰናል። የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከአማርኛ የያዛት "ቀስ በል ወንድሜ" የምትለዋን ብቻ ናት። 285 አውራ ጎዳና ላይ ፈጠን ካልኩ "ቀስ በል ወንድሜ!" ሚጥሚጣ ሲያቃጥለው ለራሱ "ቀስ በል ወንድሜ!"

ባለቤቴ ሙሉ ያረፈች ጊዜ ክራቫቱን አስሮ ቤተ ክርስቲያን ከጎኔ ቆመ። ቄሱ በፍትሐቱ "ወለተ ሚካኤል" እያሉ ሲጠሯት ክንዴን ጎተት አደረገና፣

"ወንድሜ፣ የሌላ ሰው ቀብር ገብተን እንዳይሆን። ሙሉ ሲሉ አልሰማሁም" አለኝ።

በዚያ ሐዘን ውስጥ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። የክርስትና ስሟ ነው፣ እግዚአብሔር ፊት የምትጠራው በዚህ ነው ብዬ ስነግረው "ጥሩ ነው። እኛም አለን" አለኝ።

የእነሱ ግን ለሞት የሚወጣ ስም ነው። በአያቶቹ ወግ ሰው ዕድሜው ሲገፋ አዲስ ስም ይመረጥለታል። በቁሙ ማንም አይጠራውም፤ የሚያውቁትም የቤቱ ሰዎች ብቻ ናቸው። ከሞተ በኋላ በሙት ዓመቱ ልጆቹ ምግብ አቅርበው በዚያ ስም ይጠሩታል። በድሮ ስሙ ከጠሩት ሰሚው ብዙ ነው፤ ጠያቂ ዘመድ የሌለው የተራበ መንፈስ ሁሉ እኔ ነኝ ብሎ መጥቶ ይበላበታል።

"አንተንስ ማን ብለው ሊጠሩህ ነው?" ስለው "ቀስ በል ወንድሜ፣ አልሞትኩም!" ብሎ ሳቀብኝ።

ያለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ ሆስፒታል ሄድኩ። ልጁ ሊን አጠገቡ ነበረች። እዚሁ ያደገች ፋርማሲስት ናት፤ አባቷን ስትወደው ለጉድ ነው። "ሊን፣ ያ የኋላው ስሜ..." ብሎ ሲጀምር "ዳድ፣ ፕሊስ! እንደሱ አታውራ። ወደ ቤት ልትመለስ ነው እኮ" ብላ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወጣች።

በሩ ሲዘጋ በእጁ ጠራኝ። ስሙን ጆሮዬ ላይ ነገረኝ። ስደግመው ራሱን ነቀነቀ፤ አልሆነም። የስሙ ድምፅ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እንደ ዜማ ነው፤ ዜማው ከተሳተ ሌላ ስም ይሆናል። "ቀስ በል ወንድሜ" እያለ እስኪስተካከል አስባለኝ።

"ሊን ከጠየቀች ንገራት። ካልጠየቀች አንተ ጋ ይቀመጥ።"

"እኔ ክርስቲያን ነኝ። ለሞተ ሰው ምግብ አላቀርብም" አልኩት።

"ምግቡን እሷ ታቀርባለች። አንተ ስሙን ብቻ ያዝ።"

ዛሬ ሥራ ላይ ሳለሁ ሊን ደወለች። "አንክል፣ ዳድ ሄደ።" መነኩሴያቸው በየትኛው ስም ልትጠሩት ነው ብለው ጠይቀዋት መልስ አጥታለች። "ሊነግረኝ ሲል አፉን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ። አሁን ማን ብዬ ነው የምጠራው?" እያለች አለቀሰች።

እኔ ጋ አለ ማለት አቃተኝ። "እግዚአብሔር ያጥናሽ" ብቻ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ከዚያ ወዲህ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ራሴን እጠይቃለሁ። ለምን ዝም አልኩ? ዜማውን ብስትና ሌላ ሰው ብጠራስ? የሌላ እምነት ስም እንዲህ በአፌ ይዤ መዞሬስ ኃጢአት ይሆን? የንስሐ አባቴ ጋ ልደውል ብዬ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ብዬ ልጀምርላቸው? ስጸልይስ ነፍሱን ማርልኝ የምለው በየትኛው ስም ነው? እሱ እንኳ "ከጠየቀች" ነው ያለኝ። እያለቀሱ ማን ልበለው ማለት መጠየቅ ነው፣ ወይስ ማልቀስ ብቻ?

አላውቅም። የማውቀው ቪን የሙሉን ፍትሐት እስከ መጨረሻው ቆሞ መስማቱን ነው። አንዲት ቃል ሳይገባው ንቅንቅ አላለም።

በኮሜንት ስሙን አትጠይቁኝ፤ አልጽፈውም። ይህችን ፖስት አድርጌ ወደ ሊቶኒያ፣ ሊን ቤት መንዳቴ ነው።

ቪን፣ ልጅህ ጠይቃለች፤ እኔ እንደዚያ ነው የቆጠርኩት። ጆሮዋ ላይ እነግራታለሁ፣ እስክትይዘውም አስደግማታለሁ። ዛሬን ግን በለመድኩት ስም ልጥራህ። የተራበ መንፈስ ካለም ሰምቶ ይምጣ፤ የእኔዋ ሙሉም በቁሟ ከበሯ የተራበ ሰው መልሳ አታውቅም።

መንገድህን አላውቀውም። ማን እንደሚነዳህም አላውቅም። ብቻ ቀስ በል፣ ወንድሜ።