የታላቅ ወንድም ፍሬን

ባሌ ጓንጉል ዕቃ አይጥልም። አይጥልም ስላችሁ ቆጣቢ ነው ማለቴ አይደለም፤ የሱ ግን ሌላ ነው። የተሰበረ ነገር ሲያይ ፊቱ ይበራል። ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ያለው ቤታችን ብትመጡ የፍሪጁ እጀታ የቁም ሣጥን እጀታ ነው። የውሃ ማፍያው ክዳን ከአንድ ድሮ ከተቃጠለ ድስት የመጣ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ መቀርቀሪያ ከምን እንደተነቀለ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ መጠየቅም ትቻለሁ። "ተይ አስኒ፣ አትጣይው፣ የሆነ ቦታ ይገባል" ይለኛል። እግዜር ያሳያችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ይገባል!

ከሰኞ እስከ ዓርብ ክራቫቱን አስሮ የአየር ጭነት ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ሰው ሲያየው የተከበረ ሰው ነው። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ያንኑ ክራቫት ወርውሮ መሃል ከተማ፣ ግሮገን የሚባለው የመለዋወጫ ሰፈር ይገባል። እኔ እዚያው አቅራቢያ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። አንዳንዴ በሱቄ ደጃፍ አንዱን የዛገ ብረት እንደ ሕፃን ታቅፎ ሲያልፍ አየውና አላውቀውም ብዬ ፊቴን አዞራለሁ።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ መኪናችን ልነግራችሁ ነው። ትንሽ፣ ነጭ፣ ያረጀች መኪና ናት። ልጃችን አቢግያ ናይቫሻ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። ናይቫሻ ለመድረስ ከናይሮቢ ወጥተን በማይ ማሂዩ በኩል ያንን ረጅም ቁልቁለት መውረድ አለብን። በአንድ በኩል ተራራ፣ በአንድ በኩል ገደል፣ ፊትም ኋላም የጭነት መኪና ነው።

አምና ለወላጆች መጠየቂያ ቀን ስንሄድ፣ መኪናዋን በዕቃ አጭቀን፣ ጓንጉል ከላይ እስከ መሃል እግሩን ከፍሬን ላይ ሳያነሳ ወረደ። መጀመሪያ የሆነ የሚያርር ነገር ሸተተኝ። "ጓንጉል፣ ምንድነው?" አልኩት፤ "ምንም አይደል" አለኝ። ወዲያው ፔዳሉ እንደ ሊጥ ሆነ። ፍሬኑ እምቢ አለ! "ማርያም! ማርያም!" እያልኩ ስጮህ ማርሹን አወረደና መኪናዋን ከተራራው ጥግ ጋር እያፋጨ አቆማት። ምንም አልሆንንም። እኔ ግን ወረድኩና "ዳግመኛ እዚች መኪና ውስጥ ብገባ ስሜን ቀይረው!" አልኩት። ማታቱ፣ ያው የናይሮቢውን ሚኒባስ ታክሲ፣ አስቁሜ ሄድኩ።

እሱም ግትር ነው። አዲስ የፍሬን ሸራ አስገባላት፣ ዘይቱን ቀየረ፣ ከዚያ በቃ ተስተካክላለች አለ። እኔ ንቅንቅ አልልም አልኩ። በማታቱ አብረን እንሂድ ስለው "የራሴን መኪና ገትሬ?" ብሎ አፈጠጠብኝ። ስለዚህ በሚቀጥሉት የመጠየቂያ ቀናት እሱ ጠዋት በመኪናው ይሄዳል፣ እኔ ሱቄን ለሰው አስረክቤ ከሰዓት በማታቱ እደርሳለሁ። እኔ ስደርስ እሱ ተመልሷል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ለየብቻ መሄድ ጀመርን። ከመኪና የተነሳው ጠብ ቀስ እያለ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ደረሰ፤ እንደ ቤት ተከራዮች "ጨው አቀብለኝ" ብቻ ሆንን።

አንድ እሑድ አቢግያ ከትምህርት ቤቱ ስልክ ደወለች። ልጅቷ አማርኛዋን ከእንግሊዝኛ ስታደባልቅ ሁሌ እቆጣት ነበር፤ ያን ቀን ግን ጥርት ባለ አማርኛ "ማሚ፣ ተፋታችሁ እንዴ?" አለችኝ። ጓንጉል ጎኔ ስለነበር ሰምቷል። ስልኩን ነጠቀኝና "የምን ፍቺ? በሚቀጥለው አብረን ነው የምንመጣው፤ በአንድ መኪና!" ብሎ ዘጋው።

"ማንን ጠይቀህ ነው ቃል የገባኸው? እሺ ካላልኩስ?"

"እሺ እንድትይ ነው የምሠራው" አለኝ።

በማግስቱ ተጀመረ። ምን ልበላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ በቤታችን ከፍሬን ሌላ ወሬ ጠፋ። ከዚያው ከኛ መኪና ፋብሪካ የወጣ አንድ ከባድ ሞዴል አለ አሉ፣ የኛዋ ታላቅ ወንድም። "የሱ ዲስክ ሰፊ ነው አስኒ፣ ወፍራም ነው፣ መሃሉ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ያስገባል። ቁልቁለት ላይ አይግልም ማለት ነው! ደግሞ የሚታሰርበት ቡሎን ከኛዋ ጋር አንድ!" እያለ ሳህኑን አንስቶ በሹካ እየጨበጠ ያሳየኛል። እኔ ስልኬን እያየሁ "እህ" እላለሁ። ዲስኩንና፣ ሸራውን የሚይዘውን ትልቁን ካሊፐር፣ ከጃፓን ከመጣ አሮጌ መኪና ላይ አስፈትቶ ገዛ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ አዝኖ መጣ፤ ለካ የኛዋ ትንሽ ቸርኬ፣ የጎማዋ ብረት፣ ትልቁን ፍሬን አያቅፈውም። በሳምንቱ አራት ሰፋፊ ጎማ ከነቸርኬው ይዞ ከተፍ አለ። የኋላው ፍሬን ግን አይነካም፣ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው ብሎ ሙሉ እራት አስረዳኝ። "እህ" አልኩ።

የገጠመለት ሱፍዋን የሚባል የኢንዱስትሪያል ኤሪያ ፉንዲ ነው፣ መካኒክ ማለቴ ነው። ባዶ ሜዳ ወስደው ሲያስሮጧትና ሲያቆሟት ዋሉ። ማታ ሱፍዋን ራሱ ቤት መጥቶ "ማማ አቢ፣ እኔ ሚስቴንና ልጆቼን ጭኜ እወርድባታለሁ" አለኝ፤ እዚህ አገር እናትን በልጇ ስም ነው የሚጠሩት።

"ሚስትህ ትውረድባታ፣ እኔን ምን አገባኝ!" አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ልጄ በስልክ የጠየቀችኝ ጥያቄ ሆዴ ውስጥ ነበር።

ቀኑ ደረሰና ገባሁ። ዶሮ ወጡን ድስቱን አቅፌ፣ ቀበቶዬን ሁለት ጊዜ ፈትሼ። ቁልቁለቱ ሲጀምር የራሴን እግር ወለሉ ላይ ተክዬ እሱን ሳግዘው አየኝና ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። ፊታችን ድንጋይ የጫነ መኪና እያዘገመ ነው። "እስቲ ያዘው!" አልኩት። ያዘው። ድስቱ ከእቅፌ ሊያመልጥ ነበር! ትንሽ ወርደን "እስቲ ደግሞ!" አልኩ። ያዘው። የሚሸት ነገር የለም፣ ፔዳሉም አልላላም። ቁልቁለቱ ግርጌ ያለችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ጋ ስንደርስ አማተብኩና "ይሁን፣ ይይዛል" አልኩ። ጓንጉል ከኔ አፍ "ይሁን" የሰማበትን ጊዜ እንጃ፤ ጆሮው ሁሉ ቀላ።

ማይ ማሂዩን አልፈን ሜዳው ላይ፣ በቃ ደረስን ስንል፣ ጧ! የፊት ግራ ጎማ ፈነዳ።

"ችግር የለም! ስኮርት ጎማ አለን፣ ትናንት ነፋስ ሞልቼዋለሁ" ብሎ እያፏጨ ወረደ። ድስቴን ይዤ ወረድኩ። ክሪኩን ደግፎ አነሳት፣ የተቀደደውን አወለቀ፣ ከኋላ ኮፈኑ ምንጣፍ ሥር ስኮርቱን አውጥቶ አስገባ። አልገባም። አዞረው። አልገባም። አውጥቶ አየውና ሦስተኛ ሞከረው፣ እስከዚያ ሊያድግ ይመስል። ፉጨቱ ቆመ።

ገባኝ። አራቱን ጎማ ሲቀይሩ አምስተኛዋ፣ ምንጣፍ ሥር የተኛችው፣ የድሮዋ ትንሿ ጎማ ናት። ትልቁን ፍሬን አታቅፈውም። ጓንጉልም ሱፍዋንም፣ ያ ሁሉ ልኬትና ያ ሁሉ ወሬ፣ እሷን ዘነጓት! "ጉድ ፈላ! የሁሉንም ቦታ የሚያውቀው ሰውዬ!" ብዬ ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን አስፋልቱ ዳር አቧራው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጎማዋን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቷል።

በዚህ መሃል አንድ ማታቱ ፍጥነቱን ቀንሶ ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ "ናይቫሻ! ማማ፣ አንድ ቦታ አለ፣ ቱዌንዴ፣ እንሂድ!" ይላል።

ጓንጉል ቀና ሳይል "ሂጂ" አለኝ። "ልጅቷ ትጠብቃለች። እኔ ሰው ፈልጌ እመጣለሁ። ሂጂ አስናቀች፣ ይቅርታ።"

ሙሉ ስሜን የሚጠራኝ ሲከፋው ነው። ረዳቱን አየሁት፣ ባሌን አየሁት። ብሄድ በሰዓቱ እደርሳለሁ፤ ልጄም በሩ ላይ እንደገና እኔን ብቻ ታያለች። "አንተ፣ ሂድ!" አልኩት ረዳቱን፣ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ጮህኩበት። ማታቱ ሄደ።

ድስቱን ሳር ላይ አስቀመጥኩ። "ጓንጉል፣ የኋላው ፍሬን አልተነካም አላልክም?"

"አዎ።"

"ትንሽ ነው አይደል? ይቺ ጎማ ታቅፈዋለች አይደል?"

"አዎ..."

"ታዲያ የኋላውን ሰፊ ጎማ አውልቀህ ወደ ፊት አምጣዋ! ይቺን ኋላ ግጠማት!"

ቀና ብሎ አየኝ። "አስኒ፣ ትሰሚኝ ነበር እንዴ?"

"ምን ላድርግ፣ ሌላ ወሬ አለህ? ተነሳ አሁን!"

ተነሳ። ድንጋይ ከጎማው ሥር ሸጎጥን፣ እሱ ሲፈታ እኔ የጎማውን ዳዶዎች በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ይዤ እያቀበልኩት፣ አንዱን ከኋላ ወደ ፊት፣ ትንሿን ወደ ኋላ አደረግናት። መኪናዋ አንድ ጎኗን ዝቅ አድርጋ እንደሚያነክስ ሰው ሆነች። ቀስ እያልን፣ ብስክሌት እየቀደመን፣ ናይቫሻ ገባን።

አቢግያ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ሌላው ወላጅ ገብቶ አልቋል። መኪናዋን አየች፣ አባቷ ሲወርድ አየች፣ ከዚያ የኔ በር ተከፈተ። "ማሚ? አብራችሁ?" አለችና እየሮጠች መጣች። የአባቷ እጅ ጥቁር ቅባት ነው፤ ነጭ ሸሚዟ ላይ አምስት ጣት ታተመ።

ዛፍ ሥር ምግቡን ዘረጋሁ። ልጅቷ ሳታኝክ ነው የምትውጠው። "ቀስ በይ እንጂ፣ ቁርስ አልሰጧችሁም?"

"ሰጥተውናል። እኔ ነኝ ያልበላሁት።"

"ለምን?"

ጎንበስ አለች። "ባቢ አብረን እንመጣለን ሲል አላመንኩትማ። እንደ በፊቱ ሁለት ምሳ ይሆናል ብዬ ሆዴ ውስጥ ቦታ ተውኩ። ባለፈው የሱን ከበላሁ በኋላ ያንቺን ስበላ ዶርም ሄጄ አስመለሰኝ። ግን ደስ እንዲልሽ ጨምሪልኝ አልኩሽ።"

ያን ቀን ጨምሪልኝ ስትል እኔ ወጤ ጣፍጧት ነው ብዬ እየሳቅኩ ነበር የተመለስኩት። ጓንጉልን አየሁት፤ ዓይኑን በክንዱ ይጠርጋል። ያ ቅባት በሳሙናም አልለቀቀለት፣ እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ምግቡን ከሩቅ ያያል። ትልቅ አድርጌ ጠቀለልኩና አጎረስኩት።

"ማሚ! ሰው እያየ እኮ ነው!" አለች አቢግያ እየሳቀች።

"ይዩና!" አልኩ፤ ሁለተኛውንም ጠቀለልኩ።