ዘይነባ የሰጠችኝ ጠገራ ብር

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ አንዲት ጠገራ ብር በሎሚና በአመድ ላሻት ስል የእህቴ ልጅ ቢኒያም እየጮኸ ከቤት ወጣ። «አክስቴ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ እንዳይነኳት!» ብሎ ሎሚውን ከእጄ ነጠቀኝ። እኔ እባብ ያየ መስሎኝ እግሬን ሰበሰብኩ።

ቢኒያም አዲስ አበባ ነው የሚሠራው፤ ሰቆጣ የመጣው ለእረፍት ነበር። ብሯን ካየ ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም። ውጭ አገር የድሮ ገንዘብ እየመረመሩ ደረጃ የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉ አለኝ። በአጉሊ መነጽር ያይዋታል፣ ይመዝኗታል፣ ከሰባ ነጥብ ይሰጧታል፤ ከዚያ በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጓትና ማንም በእጁ አይነካትም። ከታጠበች ግን ደረጃዋ ይወድቃል። እኔ ደግሞ እንግዳ ፊት ልትቀርብ ነው ብዬ ፊቷን ላጥብላት ነበር።

«ጠርዟ ላይ ያለችው ጭረት ግን ትጎዳታለች» አለ ብሯን ወደ ፀሐይ እያዞረ። «ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?»

«እኔ ነኝ» አልኩት። ነገ ጠዋት መንገደኛ ስለሆነ፣ ብሯን ውጭ ልኮ አስመርምሮ እንዲሸጥልኝ እስከዚያ እንድወስን ነገረኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። እኔ ግን ጭረቷን በአውራ ጣቴ እየዳሰስኩ ብዙ ተቀመጥኩ።

የተወለድኩት ፃግብጂ ነው። ሰቆጣ የመጣሁት ለትምህርት ነበር፤ እንደ ገጠር ተማሪ ሁሉ ቤት ተከራይቼ፣ ስንቄን ከቤተሰቤ እያመጣሁ። የወር መጨረሻ ሲደርስ በእግሬ ወደ አገሬ እሄድና በሶ፣ ድርቆሽና ሽሮ ተሸክሜ እመለሳለሁ። ጥቅምት ላይ ያ መንገድ እንዴት ያምር ነበር! ገደሉ ሁሉ አበባ ነው፤ ነፋሱ ሲዞር ከቀፎዎቹ በኩል የማር ሽታ ይመጣል። ዛሬም አንዳንዴ በእንቅልፌ ያንን መንገድ እሄደዋለሁ፤ ሸክሙ አይከብደኝም፣ መንገዱም አያልቅም።

የተከራየኋት ክፍል የአንድ ሙስሊም ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነበረች። ጨውና ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ግቢው በሙሉ አዲስ አቡጀዲ አቡጀዲ ይሸታል። ዘይነባ ልጃቸው ነበረች፣ እኩያዬ። እኔ አፌን የፈታሁት በአገውኛ ስለሆነ አማርኛ ስናገር የክፍሉ ተማሪ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። ዘይነባ ግን አትስቅም። «ቀስ ብለሽ በይው፣ ማን አባረረሽ?» ትለኝና እስክጨርስ ትጠብቀኛለች። ሥጋ አብረን ባንበላም ሽሮው፣ ማሩና ቆሎው አንድ ላይ ነበር። እሁድ እሁድ ከደጃፋቸው ደረጃ ላይ ተቀምጣ በጉልበቶቿ መካከል ታስቀምጠኝና ፀጉሬን ትሠራኛለች።

ትምህርት በጨረስንበት ዓመት ለእሷ ከወልዲያ ባል መጣላት። እኔ ለመምህርነት ሥልጠና ደሴ ደረሰኝ። ልንለያይ ጥቂት ቀን ሲቀረን ዘይነባ ክፍሌ ገብታ በሻሽ የተቋጠረ ነገር እጄ ላይ አኖረች። ስፈታው ጠገራ ብር ነው፣ ከእርጅና ብዛት የጠቆረ። «የአያቴ ነበረች። ስታስቢኝ ያዣት» አለችኝ። አቅፌያት አለቀስኩ። በቤታችን ጠገራ ብር ያላት አንዲት ሴት አልነበረችም።

ያ ደስታ ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን ልቤ ነገር ጀመረ። አጎቴ ነጋዴ አያምንም ነበር፤ የገበያው ጠገራ ግማሹ ቅልቅል ነው እያለ ነው ያሳደገን። እንዲህ ያለ ውድ ነገር በነፃ ይሰጣል እንዴ እያልኩ ራሴን ጠየቅሁ። በጓደኛዬ ላይ እንዲህ በማሰቤ ባፍርም፣ የገበያ ዕለት እግሬ ራሱ አንጥረኛው ዘንድ አደረሰኝ።

አያ ፈንታ ይባላሉ። ብሯን ከድንጋይ ላይ ጣል አደረጓትና ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፅዋን ሰሙ። ከዚያ ብሯ ላይ በተቀረጸችው ንግሥት ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ በጥፍራቸው ፈተሹ። ያበቃ መስሎኝ እጄን ስዘረጋ ሞረዳቸውን አንስተው ጠርዟን አንድ ጊዜ ሳብ አደረጉት። ከጥቁረቱ ሥር ነጭ ብርሃን ወጣ።

«ንጹሕ ናት ልጄ። ጥቁረቷ የብር ወጉ ነው። ለማንም እንዳትሰጫት» አሉኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ ከተሰጠችኝ ቀን ይልቅ ያን ዕለት ነው ደስ ያለኝ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

በማግስቱ እሁድ ብሯን በክር አንገቴ ላይ አስሬ ዘይነባ ጉልበት ሥር ተቀመጥኩ። ግማሹን ፀጉሬን ጨርሳ ወደ ግራ ስታዞረኝ ጣቶቿ ቆሙ።

«ማን ነው የሞረዳት?»

«አያ ፈንታ።»

«ለምን?»

 ነገሩን የማቃናው መስሎኝ «ንጹሕ ናት ብለዋል እኮ!» አልኳት። ዞር ስል ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ማበጠሪያውን ደረጃው ላይ ጣለችና ወደ ውስጥ ገባች። እኔም ግማሽ ራሴን ተሠርቼ፣ ግማሹ እንደተበተነ ቀረሁ። ሠርጓ ሳይደርስ ደሴ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነ። አስተማርኩ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ። በጦርነቱ ከቤታችን ወጥተን በተንከራተትንበት ጊዜ እንኳ ብሯን መቀነቴ ውስጥ ሰፍቼ ይዣት ነበር። ወልዲያን ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፤ አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም አልወርድም ነበር። ዘይነባን መንገድ ላይ ባገኛት ምን እላታለሁ?

አሁን ይህ ልጅ ብሯን ዳግመኛ ላስመርምራት ይለኛል። ገንዘቡን አልጠላሁም፤ የጣሪያዬ ቆርቆሮ ዝገቱ ወንፊት አድርጎታል። ግን ያን ጊዜ ሳላስፈቅድ አስመርምሬ ጓደኛዬን አጣሁ። ሁለተኛ ሳላስፈቅድ አላደርገውም ብዬ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ሰቆጣ የሚነግደው የዘይነባ ወንድም ሱቅ ሄድኩና ስልክ ቁጥሯን ተቀበልኩ። እዚያው አንድ ጥግ ፈልጌ ደወልኩ።

«አሎ፣ ማን ልበል?»

«አለሚቱ ነኝ። የፃግብጂዋ።»

 የዘጋችው መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ ላይ አንስቼ አየሁት።

«ፀጉርሽን ማን ጨረሰልሽ?» አለች በመጨረሻ።

እንባዬ ቀደመኝ። የደወልኩበትን ነገርኳት፤ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ካልፈቀደችም ብሯ ከቤቴ እንደማትወጣ ነገርኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ፣ እንደ ድሮዋ።

«አንቺ አልበደልሽኝም» አለች። «አያቴ የተወችልኝ ሁለት ብር ነበር። አባቴ አንደኛዋ ሐሰት ናት ይል ነበር፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን እሱም አላወቀም። እኔ ጥቁሯ መሰለችኝ። ነጯን ለራሴ አስቀርቼ ጥቁሯን ሰጠሁሽ። ንጹሕ ናት ስትይኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እንዴት አድርጌ አይሽ?»

መጀመሪያ ተናደድኩ፤ አልዋሽም። ይህን ሁሉ ዘመን ጥፋቱን ብቻዬን ተሸክሜ! ከዚያ ደግሞ አዘንኩላት፤ እሷም ለካ የራሷን ጥፋት ይዛ ነው የኖረችው።

«ነጯስ?» አልኳት።

«ነጯማ ልጆቼ ጠጠር ሲጫወቱባት ጠፋች!» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከሱቁ ደጃፍ የቆሙት ሰዎች ዞረው አዩኝ።

«ታዲያ ልመልስልሽ?»

«የለም» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ። «ያን ጊዜ አልሰጠሁሽም ነበር፤ ሐሰቷን የጣልኩ መስሎኝ ነው። አሁን ሰጥቼሻለሁ። ያሻሽን አድርጊያት።»

ሌሊቱን ሁለታችንን ሳስብ አደርኩ። እኔ ጠረጠርኳት፣ እሷም አታለለችኝ፤ ከሦስታችን እንከን ያልነበረባት ብሯ ብቻ ናት። እንዲያም ሆኖ ያ የእሁዱ ማበጠሪያና «ቀስ ብለሽ በይው» የሚለው ድምፅ እውነት ነበር። ለእሱ ነጥብ የሚሰጥ ባለሙያ የት ይገኛል?

ጠዋት ቢኒያም ሻንጣውን አንግቶ መጣ። «እህ አክስቴ፣ ወሰኑ?»

«አትሄድም» አልኩት።

«ስንት ነጥብ እንደምታገኝ ማወቅ አይፈልጉም?»

«ባለቤቷ የሰጠችኝ ገና ትናንት ነው፤ በማግስቱ እንዴት አስመረምራታለሁ?»