ምንም አታድርጉ ተብለን

የኢንተርኔት መፈለጊያው ድርጅት በዚያ ሳምንት ያወጣው ማስታወቂያ ሁለት ዐረፍተ ነገር ነበር። በድረ ገጾች ደረጃ አሰጣጥ ላይ ለውጥ አድርገናል፤ ከእናንተ የሚጠበቅ ምንም ነገር የለም ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኛ ግን ቃልን በቁሙ ከተቀበልን ያልተማርን የሚመስለን ሰዎች ነን። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሉናል፤ እውነታቸውን ነው።

እኔ ቢቸና ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ባለቤቴ ሞጣ አዋላጅ ነርስ ናት። ከተጋባን አምስተኛ ዓመታችን ነበር፤ አንድ ቤት ያደርንበት ቀን ቢደመር ግን ዓመት አይሞላም። መንገድ ሲከፈት ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ሲዘጋ በስልክ ባልና ሚስት ነን። ልጃችንን ተረኛ በሆነች ቁጥር ጎረቤት ጋ ታሳድራታለች። ያለን መፍትሔ አንድ ነበር፤ የእርስ በርስ ዝውውር። ቢቸና አካባቢ የምትሠራ፣ ሞጣ መግባት የምትፈልግ አዋላጅ ካገኘን ይቀያየራሉ፤ ካላገኘን ቁጭ። እኔ እንዳልሄድ፣ ሞጣ ላይ የእኔን ትምህርት የሚያስተምረው የአገሩ ልጅ ነው፤ ንቅንቅ አይልም።

ድረ ገጹን የሠራሁት ለዚህ ነው። ተቀያሪ የሚፈልግ ሠራተኛ ሙያውን፣ ያለበትንና የሚፈልገውን ቦታ ጽፎ ስልኩን ያስቀምጣል። ዝውውር ብሎ በስልኩ ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የምንወጣለት እኛ ነበርን። ከወላይታ፣ ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ መምህራን ሳይቀሩ በእኛ ተገናኝተው ወደየቤታቸው ገብተዋል። አንዱ ቤቱ ከገባ በኋላ ደውሎ መረቀኝ። እኔም ጠዋት ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት አዲስ የተጻፈውን አንድ በአንድ አነብ ነበር፤ አዋላጅ የሚል ቃል ፍለጋ።

ከማስታወቂያው በኋላ አንደኛ የነበርነው ሰዎች አራተኛው ገጽ ግርጌ ተገኘን። እዚያ ድረስ ወርዶ የሚፈልግ ሰው የለም። የድረ ገጽ ባለቤቶች የምንሰባሰብበት ግሩፕ ነበረን፤ ያን ዕለት እንደ ለቅሶ ቤት ሆነ።

ሞጣ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ የፈተና ጥያቄ የሚያወጣ ድረ ገጽ ያለው። የእሱም ወድቋል። ይህ ሰው ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ቅኔ ቤት የኖረ፣ ትርጓሜም የጀመረ ነው። ማስታወቂያዋን በእንግሊዝኛው አነበባትና አንድም እያለ ያወርዳት ጀመር። ምንም አይጠበቅም ማለቱ፣ የሚጠበቀውን ቀድሞ ተናግሯልና ነው አለ። አንድም፣ ምንም የሌለበትን ገጽ አትያዙ ሲል ነው። አንድም፣ ያረጀውን ጣሉ ሲል ነው። ከግሩፑ አንድ የመርጡለ ማርያም ሰው ደግሞ ኔትወርክ ተቋርጦበት የሰነበተ አገር ተቀጥቷል የሚል አመጣ። ሌላው ችግሩ ቀለሙ ነው አለ፤ ቀለም ቀየርኩ። ርእሳችሁ አጥሯል ተባለ፤ ርእስ አስረዘምኩ። ጉድ እኮ ነው! የዚያን ድርጅት በር እንኳ አይተን አናውቅም፤ ሐሳቡን ግን ከራሱ በላይ ዐወቅንለት።

ተታለልኩ ብዬ እንዳላመካኝ፣ ትርጓሜው ደስ ይለኝ ነበር። ሊቅ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ተማሪ እየፈተንኩ ደረጃችንን ከጠረጴዛ ሥር አያለሁ። ባለቤቴ ስትደውል ቆይ መልሼ እደውላለሁ ብዬ እዘጋባታለሁ። አዲስ የተመዘገበ ሰው አለ ወይ ስትለኝ፣ መጀመሪያ ደረጃችን ይመለስ እላታለሁ። ቀድሞ ራሷም ታነብ ነበር፤ ኋላ አንተ እያየኸው አይደል ብላ ተወችው። እኔ ደግሞ ማንበብ ካቆምኩ ሰንብቻለሁ።

በመጨረሻ ከትርጓሜዎቹ ሁሉ የወዳጄ ሁለተኛው ረታ። አጫጭር ገጽ ድረ ገጹን ያዋርደዋል፤ ሰው ሁለት ሦስት መስመር ጽፎ የሄደበት ሁሉ እንደ ባዶ ነው የሚቆጠረው ተባለ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተቀመጥኩና ከአምስት መስመር የሚያንሰው ሁሉ እንዲጠፋ አዘዝኩ። ቦታውንና ስልኩን የጻፈ ሰው ሌላ ምን ይጨምር ኖሯል? ይህን እንኳ አላሰብኩም። ሳላነብ፣ ቅጂ ሳላስቀር አጠፋሁት። ለወዳጄ ቤቱን ጠረግኩት ብዬ ጻፍኩለት፤ አበጀህ አለኝ።

ደረጃው ግን አልተመለሰም። አንድ ወር አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ከዚያ አንድ ዐርብ፣ ማናችንም ምንም ሳንነካ፣ አንደኛ ሆነን አደርን። የወዳጄም ተመለሰ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠው ሰነፍ ሁሉ ተመለሰ። ግሩፑ ለመመለሱም ትርጓሜ ያወጣ ጀመር።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሞጣ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደረጃችን መመለሱን ለባለቤቴ ፊት ለፊት ልነግራት ብዬ አልደወልኩም ነበር። አንዲት ወጣት ፍራሿን ጣሪያው ላይ አስጭና፣ ባልዲና ምድጃ እግሯ ሥር አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። አዋላጅ ነርስ ናት። ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ስትሠራ ቆይታ ተቀይራ ጉንደ ወይን መግባቷ ነው። ጉንደ ወይን ዘመድ አለሽ ወይ አልኳት። ማንም የለኝም፣ የምፈልገውስ ሞጣ ነበር፣ እናቴ እዚያ ታማ ተኝታለች አለችኝ። አንድ የዝውውር ድረ ገጽ ላይ ቅዳሜ ተመዝግባ ነበር፤ እሑድ ማታ ብታይ የለም።

«ሦስት መስመር ነበር የጻፍኩት። የተሳሳትኩት ነገር ያለ መስሎኝ ደግሜ ለመጻፍ አፈርኩ» አለች።

ወሩን ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። ያው እኔ ያጠፋሁበት ነው። ከዚያ በሰው በሰው የጉንደ ወይን አዋላጅ አገኘች፤ ለሞጣ ይቀርበኛል ብላ ተቀየረች። የድረ ገጹ ባለቤት እኔ ነኝ አላልኳትም። ወኔ አነሰኝ። ጉንደ ወይን ስንደርስ ፍራሿን አወረድኩላት፤ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እናትህን ያኑርልህ ብላ መረቀችኝ።

ሞጣ ስደርስ ባለቤቴ ተረኛ ልትገባ ጋዋኗን እያጣጠፈች ነበር። ልጃችን ጎረቤት ሄዳለች። በሩ ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳት፤ ትርጓሜውን፣ እሑዱን፣ ፍራሹን።

«አላነበብከውም?» አለችኝ።

«አላነበብኩትም» አልኳት።

በልጅቷ ቦታ ማን ገባ ብላ ጠየቀችኝ። የጉንደ ወይኗ ናት፣ ባሏ ቢቸና ነጋዴ ነው አሉ፣ አብረው ሊኖሩ ነው አልኳት።

«ታድላ» አለችና ጋዋኗን በክንዷ ይዛ ወጣች።