ታላቁን መጀመሪያ የሚጠይቅ ሰርቨር

ሥራዬ በሰው አገር፣ ሱንድቢበሪ በምትባል ከተማ ነው፤ የድረ ገጽ ስሞችን አድራሻ የሚይዙ ሰርቨሮችን እጠብቃለሁ። ለውጥ የሚጻፈው ዋናው ሰርቨር ላይ ነው። ተከታዩ ሰርቨር በየጊዜው "አዲስ ነገር አለ?" ብሎ ዋናውን ይጠይቅና ይገለብጣል። ዋናዎቹ ሁለት ከሆኑ በተሰጠው ዝርዝር ቅደም ተከተል ይሄዳል። የእኔው ተከታይ ደግሞ የመጀመሪያው ከመለሰለት ሁለተኛውን ዞር ብሎ አያይም።

የእናቴን ማኅበር ድረ ገጽም የማስተዳድረው እኔ ነኝ። አዲስ ዋና ሰርቨር ስተክል አሮጌውን አላጠፋሁትም፤ ዝርዝሩ ላይም አንደኛ አድርጌ ተውኩት። ለምን ብትሉኝ ምን ልበላችሁ፣ ታላቅ ነዋ! እኛ ቤት ታላቅ እጁን ሳይታጠብ ታናሽ ወደ ገበታ አይጠጋም። አሮጌው ግን አዲስ ነገር ከተነገረው ወር አልፎታል። ሲጠየቅ ምንም የለም እያለ በልበ ሙሉነት ይመልሳል።

በዚያው ሰሞን የማኅበሩ ድግስ ከስፖንጋው አዳራሽ ሁዲንጌ ወዳለ ሌላ አዳራሽ ተዛወረ፤ አባላቱ ቦታውን የሚያዩት ከገጹ ብቻ ነው። ገጹንም ወደ ሌላ ኮምፒውተር አዛውሬ፣ አዲሱን አድራሻ አዲሱ ሰርቨር ላይ ጽፌ፣ ማስታወቂያውን አዲሱ ገጽ ላይ ለጠፍኩ። አዲሱን ሰርቨር ብቻ ጠይቄ "ሠርቷል" ብዬ ተኛሁ። የዚያ ወር ድግስ ተረኛ እናቴ ነበረች። ከአዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ድግስ ስትበላ ኖራ፣ እኔስ መቼ ነው የማበላው እያለች ነበር። ምግቡን ሦስት ቀን ቆማ ሠራች።

እሑድ ሰባት ሰዓት ሆነ። ሁዲንጌ አዳራሽ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች በሩን በሩን ታያለች። በመጨረሻ ከማኅበሩ ሁሉ በዕድሜ ታላቅ ለሆኑት ለጋሼ ደወለች። እሳቸውም ገና ከቤት እየወጡ ነበርና ገጹን አይተው፣ የተለወጠ ነገር የለም፣ የሐበሻ ቀጠሮ ነው፣ ይመጣሉ አሏት። ሌላ ሰው እንጠይቅ ብላት ተቆጣች።

"ጋሼ ከመለሱልኝ በኋላ ሌላ ጠይቄ ላዋርዳቸው?"

ይህቺን ጠባይ የት ነው የማውቃት እያልኩ በስልኬ ገጹን ብከፍት፣ ስፖንጋ ይላል። ክው አልኩ። የድረ ገጹ ስም አሁንም ወደ አሮጌው ገጽ ይመራል።

ጥፋቴን ነገርኳት። ሰርቨር ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ታላቅን ማስቀደሙ ግን ወዲያው ገባት።

"እና ሽማግሌውን ብቻ ጠይቆ ተቀመጠ?"

"እንደ አንቺው፣ እማዬ።"

ገላመጠችኝ። ከዚያ ስልኳን አንስታ ከአባላቱ ሁሉ ትንሿ ለሆነችው ልጅ ደወለች። ለካ ሰዉ ሁሉ ስፖንጋ የተቆለፈ በር ላይ ብርድ ይፈጀዋል። ልጅቷ ለመደወል አስባ ነበር፤ ታላቆቹ ቆመው እያሉ እንዴት ብላ ትቅደም!

ባቡር ቀይረው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ። አዳራሹ ሲሞላ እናቴ ዕንባዋ መጣ። ጋሼ ይቅርታ ሊጠይቁ ሲጀምሩ ድፎ ዳቦውን አቀረበችላቸው።

"ዳቦውን እርስዎ ይባርኩልኝ፣ ጋሼ። ወሬውን ግን ከእንግዲህ ከልጅቷ ነው የምጠይቀው።"

ሰዉ ሁሉ የጋሼን ፊት አየ። መጀመሪያ የሳቁት ጋሼ ናቸው፤ ሌላው ለመሳቅ የደፈረው ከዚያ በኋላ ነው።