ሰንጢዬ የተያዘ ዕለት

በጣሊያን ጊዜ ነው። ቃጫ ልሸጥ ቡታጅራ ገበያ ስገባ ኬላው ላይ ወታደሮች ፈተሹኝና ከኪሴ ሰንጢ አወጡ። ስለት ይዞ ገበያ መግባት መከልከሉን ሰምቼ ነበር፤ ግን አዋጁ ለጦርና ለጎራዴ ብቻ ነበር የመሰለኝ። ቃጫ መቁረጫዬን ማን መሣሪያ ይለዋል?

እየገፈተሩ ሹማቸው ፊት አቆሙኝ። ሹሙ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰንጢዬን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቀጭ ባለ ቁጥር ልቤ ድው ይላል። ካራ ይዞ የተገኘ ጎረቤቴ ከታሰረ ወር አልፎታል፤ እስካሁን ወሬው የለም።

አስተርጓሚው ያገሬ ሰው ነው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «አዋጁን አልሰማህም?» አለኝ።

«ሰምቻለሁ ጌታዬ። ሰንጢንም እንደሚጨምር ግን አላወቅኩም።»

«ከጣት የሚበልጥ ስለት ሁሉ ክልክል ነው» አለና ሰንጢውን ተቀብሎ በመሃል ጣቴ ለካው። ስለቱ ጣቴን ጥፍር ያህል በለጠው።

ሹሙ ጮኸበት። አስተርጓሚው አንዴ ቃጫዬን፣ አንዴ እጄን እያሳየ በጣሊያንኛ ብዙ ተናገረ። አንድም ቃል አልገባኝም። ሹሙ ትክ ብሎ አየኝና ወታደሮቹን አስወጣ። አበቃልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ ሹሙ ቦቲውን አውልቆ፣ ያበጠ ቁርጭምጭሚቱን ወደ እኔ ዘርግቷል።

«ምን አልከው?» አልኩት አስተርጓሚውን፣ በጉራጊኛ።

«ወጌሻ ነው፤ በሰንጢው ቃጫ እየቆረጠ ስብራት ያስራል አልኩት። በል ተቀመጥና እሸው!»