የባሌ ጎማ ወደ ኋላ ነበር የሚሄደው

ባሌ የሞተው አልጋው ላይ ነው፤ በኩላሊት ሕመም። ይህን ያህል ቀላል ነገር ሰው አላምን ብሎኝ ከረመ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ፍራሹ ላይ ተደላድሎ ከተቀመጠ በኋላ አንገቱን ወደ እኔ ዘንበል ያደርግና፣ «ውኃው ነው አይደል የወሰደው?» ይለኛል። «የለም፣ ኩላሊቱ ነው» ስል ፊቱ ላይ ቅሬታ አያለሁ። ከባሱንዳ እርሻ በትራክተር ተሳቢ ተጭነው የመጡት የቀድሞ የሥራ ጓደኞቹማ ጭራሽ ተቆጡ። «ያንን ጎማ ለብሶ ባሕር ሲገባ ኖሮ እንዴት በኩላሊት ይሞታል?» አለ አንደኛው፣ ያታለልሁት ይመስል።

ጎማ የሚሉት ከመነዳሪውን ነው፤ የመኪና ጎማ ውስጥ ገብቶ አየር የሚይዘውን ጥቁር ላስቲክ። ባሌ እሱን ነፍቶ፣ መሐሉ ላይ መቀመጫ ሰፍቶ፣ እግሮቹን ውኃ ውስጥ አንጠልጥሎ ዓሣ ያጠምድበት ነበር። ሾዋክ አጠገብ ወንዙ ተገድቦ የተኛው ውኃ በዳር በዳሩ ያሉትን ዛፎች እንደቆሙ ውጧቸዋል። የደረቁ ቅርንጫፎቻቸው ከላይ ይታያሉ። ጀልባ በመሐላቸው አያልፍም፣ መረብም ይቀደዳል። ዓሣው ይህን ስለሚያውቅ እዚያ ይኖራል። ባሌም ዓሣው እንደሚያውቅ ስለሚያውቅ ጎማ ፈለገ።

የመረጥነው ገዳሪፍ ገበያ፣ አንድ ሽማግሌ ሓጅ ዘንድ ነው። ባሌ ሕይወቱን ሙሉ ትራክተር ሲነዳ ስለኖረ በጎማ አይቸኩልም። ላስቲኩን አጥፎ እጥፋቱን በዓይኑ ይፈትሻል፤ ቀጫጭን ስንጥቅ ካየ ፀሐይ በልቶታል ማለት ነው። የተለጠፈበትን ቦታ ምራቅ ቀብቶ አረፋ ይወጣ እንደሆነ ይጠብቃል። የትራክተሩን የኋላ ከመነዳሪ አነሣና፣ «ይኸ እኛንም ፍየላችንንም ይችላል፤ ለማዞር ግን በሬ ይፈልጋል» ብሎ መለሰው። የትንሽ መኪናው ደግሞ ወገቡ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። በመጨረሻ የጭነት መኪና ከመነዳሪ አገኘ፤ ሓጁ ነፉለትና መሬት ላይ አጋደመው።

«ግቢበት» አለኝ።

«የት?»

«ከውጭ ሆኜ አቀማመጡን ልየው። ቁመታችን እንደሆነ እኩል ነው።»

«በገበያ መሐል?»

«ባሕሩ እዚህ ድረስ አይመጣልንማ።»

ገባሁ። መግባቱስ ቀላል ነበር፤ መውጣቱ ነው የቸገረኝ። እግሮቼ ወደ ሰማይ፣ ነጠላዬ ከአንገቴ ሥር ሆኖ፣ ሽንኩርት ሻጮች ሥራቸውን ትተው አዩኝ። ባሌ በዙሪያዬ እየተዘዋወረ ራሱን ይነቀንቃል። ሓጁ እጄን ይዘው ሲያወጡኝ፣ «ማሻአላህ፣ ለእሷ ልክ ነው። ለአንተ ሌላ እንፈልግልህ» አሉት። ባሌ ግን እሱኑ ወሰደው።

አጠቃቀሙንም የተማረው እየሰጠመ ነው። መቀመጫውን መጀመሪያ የሰፋው ከሰሊጥ ሸዋል ነበር፤ እዚህ አገር ጆንያን ሸዋል ነው የምንለው። ሸዋሉ ውኃ ሲጠጣ ረገበና ባሌ ቀስ እያለ ወረደ፤ በመጨረሻ ከዳር ሆኜ የማየው ባርኔጣውን ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ በሸራ ለወጠው። ጠዋት ጥንክር ብሎ የተነፋ ጎማ ቀትር ላይ በሙቀቱ ይፈነዳል ይል ነበር፤ ስለዚህ አውራ ጣት ሲጫነው ጎድጎድ እስኪል ድረስ ብቻ ይነፋዋል። ለእግሩ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ሁለት መቅዘፊያ ቆርጦ ከሰንደል ጫማው ሥር አሰረ። እነሱን አድርጎ ሲራመድ ዳክዬ እንኳ ያፍርበት ነበር።

እኔ ከዳር፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ሻይ ይዤ እጠብቀዋለሁ። ሲመለስ ገና ከውኃው ሳይወጣ፣ «አንቀላፍተሽ ነበር፤ ነጠላሽን ፍየል ሊበላው ነበር» ይለኛል። ወይም ደግሞ፣ «የእኔን ሻይ ጠጥተሽዋል።» «ማን ነገረህ?» እለዋለሁ፤ ይስቃል። ከዳር የሚያጠምዱትን ሰዎች ሰላይ እንዳደረጋቸው እርግጠኛ ስለነበርሁ ሰላምታቸውን በግማሽ ነበር የምመልሰው።

ሕመሙ ሲጠናበት አንድ ነገር አስማለኝ። «በሙት ዓመቴ በግ እንዳታርጂ። ከዛፎቹ መሐል ዓሣ አውጥታችሁ አብሉልኝ።» ምክንያቱን አልጠየቅሁትም፤ አውቀዋለሁ። እኛ ያረድነውን ሙስሊም ጎረቤቶቻችን አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትንም እኛ አንበላም። በሐዘኑም በደስታውም አብረውን ቆመው፣ ምግብ ሲቀርብ እነሱ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። ዓሣ ግን አይታረድም።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ የባሌ ታላቅ እኅት ከመተማ መጡ። ነገሩን ስነግራቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

«ወንድሜን በዓሣ ልትዘክሪው?»

«ቃል ገብቻለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ከገበያ ግዢ።»

«ከዛፎቹ መሐል ነው ያለኝ።»

«ማን ያወጣልሻል?»

ጓደኞቹን ለመንኋቸው። አንደኛው ጉልበቱን አመመው። ሌላው ዋና አልችልም አለ፤ ጎማው ለዚያ እንደሆነ ባስረዳውም አልሰማኝም። ሦስተኛው ግን ወንድ ነበር፣ «የሞተ ሰው ጎማ አልገባም» ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። ስለዚህ እኔው ልሄድ ተነሣሁ። እትዬም፣ «በአንድ ተዝካር ሁለት ሬሳ አልፈልግም» ብለው ገመድ ይዘው ተከተሉኝ። ሾዋክ ላይ ጎማውን አስነፋንና በባለ ሦስት እግሯ ራክሻ ጣሪያ ላይ ጫንነው፤ እትዬ እጃቸውን በጎን አውጥተው እስከ ውኃው ድረስ ቁልቁል ይዘውት ሄዱ።

ገመዱን ከጎማው አሰርንና ጫፉን ለእትዬ ሰጠኋቸው። የጀሪካኑን መቅዘፊያ አድርጌ አንድ እርምጃ ስራመድ የራሴን እግር ረግጬ ተደፋሁ።

«ገና ሳትገቢ ሰጠምሽ?» አሉኝ።

«ይለመዳል።»

«አዞ አለ?»

«አለ ይባላል።»

«እንግዲህ ከያዘሽ ቶሎ ንገሪኝ፤ ገመዱን ልልቀቀው።»

ገባሁ። ሓጁ እንዳሉት ልኬ ነበር። ፊቴን ወደ ዛፎቹ አዙሬ በእግሬ ቀዘፍሁ። ቀዘፍሁ፣ ቀዘፍሁ፣ ከጀርባዬ ጭቃ ነካኝ። ዳር ላይ ነኝ።

«ተመለስሽ? ዓሣውስ?» አሉ እትዬ።

እንደገና ሞከርሁ፤ በኃይል በቀዘፍሁ ቁጥር በፍጥነት ወደ እሳቸው ተመለስሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስመጣ፣ «እኔን እያጠመድሽ ነው እንዴ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እንዲህ ተቀምጦ እግሩን የሚወዘውዝ ሰው የሚሄደው ወደ ኋላው ነው። ባሌ ሲገባ ጀርባውን ለዛፎቹ ይሰጥ እንደነበር ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ግን ወዴት እንደሚሄድ እንጂ ወዴት እንደሚያይ ልብ ብዬ አላውቅም። ዞርሁ። ዳሩ ቀስ እያለ ራቀ።

ከዚያ ሁሉም ነገር ይታያል። ግራሩ ይታያል፣ ከሥሩ የተነጠፈው ሰሌን ይታያል። እትዬ ገመዱን ከእግራቸው ጣት አስረው፣ ለሁለታችን የያዝነውን ዳቦ ፈተው ሲጀምሩ አየሁ። የእኔ ድርሻ ላይ ሲደርሱ ግራ ቀኝ ተመለከቱና ቀጠሉ። ቆይተው ደግሞ ማንም እንደማያያቸው ሁሉ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፤ ረጅም ጊዜም እዚያው ያዙት። ባሌ ሰላይ አልነበረውም። እየራቀ ሲሄድ ሁሉ እኔን ሲያይ ነበር። ከዛፎቹ መሐል ደርሼ መንጠቆውን እስክጥል ድረስ ውኃውም፣ ዳሩም፣ እትዬም ደብዝዘውብኝ ነበር።

ዓሣው ያዘ። ከባድ ነበር፤ ጎትቼ ሳወጣው ጢም አለው። አምባዛ ነው። ቅርፊት የሌለውን ዓሣ የእኛ ሰው አይበላም። ደግሜ ጣልሁ፣ ሌላ አምባዛ። ባሌ ቅርፊት ያለውን ቆሮሶ የት የት ያገኝ እንደነበር ለዛፎቹ ብቻ ነው የነገረው። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ድረስ አምባዛ ስሰበስብ ዋልሁ።

እትዬ ጎትተው ሲያወጡኝ ዓሣውን የያዝሁበትን ሸዋል ከፍተው አዩ።

«ጢም አለው» አሉ።

«አለው።»

«ቅርፊትስ?»

«የለውም።»

ሸዋሉን መልሰው ቋጠሩት። እናንተ ብትሆኑ ትሳቀቁ ነበር፤ እኔ ቃሌ ከውኃው አፍ ላይ ሲሰበር እያየሁ ቆሜአለሁ። «ዓሣ አብሉልኝ ነው ያለው?» አሉ።

«አዎ።»

«ለማን እንደሆነ ተናግሯል?»

«አልተናገረም።»

«በይ ተሸከሚ።»

በተዝካሩ ዕለት ለእኛ ሰው የምስር ወጥ ሠራን፤ በግ አልታረደም። አምባዛውን የጎረቤት ሴቶች በቲማቲምና በዘይት ጠብሰው አቀረቡት። በእኛ ቤት ድግስ ሻይ ብቻ ጠጥተው ይሄዱ የነበሩት ሁሉ እጃቸውን ታጥበው ቀረቡ። ጎማውን የሸጡልን ሓጅም መጥተው ነበር፤ ሁለተኛ ሰሐን አስመጡ። የነፍስ አባታችን ከምስራቸው ቀና ብለው ሽታውን አሻተቱና፣ «ቅርፊት አለው?» ብለው ጠየቁ።

«ማፊ፣ የለውም» አሉ ሓጁ እያኘኩ።

አባ ወደ ምስራቸው ተመለሱ፤ በጣም ቀስ ብለው።

ሰው ሲበተን ከእትዬ ጋር ሰሐን ስናጥብ፣ «ያን ዕለት የእኔንም ዳቦ በልተውታል» አልኋቸው።

እጃቸው አረፋ ውስጥ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

ሳቅሁ። ስለ ነጠላቸው ጫፍ አላነሣሁም።